የታችኛው የዓይን ቆብ ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሲቸገር፦ ከመጀመሪያዋ ሌሊት እስከ ስድስተኛው ወር የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

ከዓይን ሥር ያበጠውን ከረጢት ለማስወገድ ወይም የተጨማደደውን ቆዳ ለማቃናት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና እንደ ሥራው ስፋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ታካሚውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው የላይኛውንና የታችኛውን ቆብ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሁለቱ ግን እጅግ ይለያያሉ። የላይኛው ቆብ ትርፍ ቆዳ አለው፤ ሲከደንም ክብደቱ ራሱ ያግዘዋል። የታችኛው ቆብ በሁለት ጫፍ እንደታሰረ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ገመዱ አዲስ ሳለ ውጥር ብሎ ይቆማል፤ ዕድሜ ያላላው ገመድ ላይ ግን እርጥብ ጋቢ ሲሰጣበት መሐሉ ይረግባል። ከቆቡ የተቆረጠው ቆዳ ከበዛ፣ ወይም ውስጡ የተፈጠረው ጠባሳ እየተኮማተረ ከጎተተው፣ ቆቡ ወደ ታች ይወርድና ከጥቁሩ የዓይን ክፍል በታች ነጩ ይታያል። ሲብስም የቆቡ ጠርዝ ከዓይኑ ተላቆ ወደ ውጭ ይገለበጣል።

በዓይን ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች የተጎዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱ በሰዓታት ውስጥ መታየት የነበረበትን ችግር እስኪነጋ መጠበቅ ነው። ሌላው ወራት የሚሻውን ችግር በሦስተኛው ሳምንት በሌላ ቀዶ ሕክምና ለማቃናት መቸኮል ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚሄደው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ በእያንዳንዱም ደረጃ መጀመሪያ የሚታየው የዓይኑ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የቆቡ አቀማመጥ፣ በመጨረሻ ደግሞ መልኩ ነው። የተጻፈው ከሐኪምዎ ጋር አብሮ ለመሥራት እንጂ በሐኪሙ ቦታ ለመተካት አይደለም።

አስቀድሞ፦ ምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ጽሑፍ ይያዙ

ችግሩን የሚመረምር ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተሠራ ነው። የተቆረጠው ከሽፋሽፍቱ ሥር በቆዳው በኩል ነው ወይስ ቆቡ ተገልብጦ ከውስጥ በኩል? ቆዳ ተነሥቶ ከሆነ ስንት ሚሊሜትር? ስቡ ወጥቶ ተጥሏል ወይስ ከጉንጩ በላይ ባለው ጎድጓዳ ላይ ተዘርግቶ ተሰፍቷል? የውጭኛው የዓይን ጥግ ከአጥንቱ ጋር በስፌት ተጠናክሯል ወይስ አልተነካም? በቆዳው በኩል የተሠራ ቆብ ወደ ታች የመጎተት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከውስጥ በኩል የተሠራው ያነሰ ቢሆንም ፈጽሞ አያሰጋም ማለት አይደለም።

ቀዶ ሕክምናውን ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ሄዶ ያደረገ ሰው ከመመለሱ በፊት ይህን ጽሑፍና አስቀድሞ የተነሣቸውን ፎቶዎች ጠይቆ መያዝ አለበት። አንዲት እህት አንድ ዓይኗ ወርዶ ስትመጣ ከቦርሳዋ ያወጣችው ወረቀት የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የረዳን የፓስፖርቷ ፎቶ ነው፤ በዚያ ፎቶ ላይ የሁለቱም ቆቦች ጠርዝ የጥቁሩን ክፍል የታችኛውን ዳር በትክክል ይነካ ስለነበር፣ አንዱ ቆብ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደወረደ ያለ ክርክር ታወቀ። እርስዎም የቆየ ጉርድ ፎቶ ካለዎት ፈልገው ያስቀምጡ።

ከዚህ ጋር የቆየ የጤና ታሪክዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ የዓይን ድርቀት፣ ግላኮማ፣ የእንቅርት በሽታ፣ ከዚህ በፊት በዓይን ላይ የተደረገ ሕክምና። በልጅነቱ ትራኮማ ይዞት የነበረ ሰው ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገር። ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ሽፋን አጠባስሶ እንባን ሊያሳንስ ይችላል፤ በሽታው በማይታወቅበት አገር የሚሠራ የውበት ሐኪም ደግሞ ላያስታውሰው ይችላል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ከሁሉ የከፋው ችግር ከዓይን ኳስ በስተኋላ ደም መጠራቀም ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነው፤ በሰፊው በተጠቀሰ አንድ ጥናት ከ2,000 የውበት የቆብ ቀዶ ሕክምናዎች በአንዱ ገደማ ተመዝግቧል፤ እይታን እስከመጨረሻው የማጥፋቱ ዕድል ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት በንቃት የምንጠብቀው ለእርሱ ስንል ነው። የዓይን ጉድጓድ በአጥንት የታጠረ ጠባብ ቦታ ስለሆነ የፈሰሰው ደም መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምርና ለዓይን ነርቭና ለሬቲና፣ ማለትም ብርሃን ለሚቀበለው የዓይኑ የኋላ ሽፋን፣ የሚደርሰውን ደም ያግዳል። ሬቲና ያለ ደም መቆየት የሚችለው ወደ 90 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

እንግዲህ በዚያች ምሽት የሚደረገው እንዲህ ነው። ዓይኑ በወፍራም ጎዝ ተሸፍኖ እንዳይውል ይጠይቁ፤ የተሸፈነ ዓይን ማየት ማቆሙን ማንም አያውቅም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዓይን የሚደረገው ቅባት እይታን ስለሚያደበዝዝ መጀመሪያ በንጹሕ ጎዝ ጠርዙን በቀስታ ያብሱና አንዱን ዓይን በመዳፍ ከድነው በሌላው አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን፣ ያንብቡ፤ ከዚያም ያቀያይሩ። እስከሚተኙ ድረስ በየሰዓቱ፣ ሌሊት ደግሞ በነቁ ቁጥር ይህን ይድገሙ። አጠገብዎ የሚያድር ሰው ይኑር።

ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በአንድ ወገን ብቻ በፍጥነት የሚጨምርና በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ ዓይኑ ወደ ፊት መውጣቱ፣ ቆቡ እንደ ድንጋይ መጠንከሩና መከፈት አለመቻሉ፣ እይታ መደብዘዝ ወይም መጨለም፣ ብልጭታ ማየት፣ ከእነዚህ ጋር የሚመጣ ማስመለስ። በሁለቱም ወገን እኩል የሆነ እብጠትና መበለዝ ግን የተለመደ ነው፤ ልዩነቱን የሚያሳየው አንዱ ወገን ከሌላው መክፋቱና በፍጥነት መጨመሩ ነው። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ነገሩን ሳያስረዝሙ «ዛሬ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ ከዓይኔ ኋላ ደም እየተጠራቀመ ሳይሆን አይቀርም፤ እይታዬ እየቀነሰ ነው» ይበሉ። ሐኪሙ ስፌቱን ከፍቶ፣ የውጭኛውን የዓይን ጥግና የታችኛውን ጅማት ቆርጦ ግፊቱን ያስተነፍሳል። ይህ በአልጋ አጠገብ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚደረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እይታው እየጠፋ ሳለ ደግሞ ሲቲ ስካን ተራ መጠበቅ አያስፈልግም። የተቆረጠው ጥግ ኋላ ይጠገናል።

ደም እንዲፈስ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊት ድንገተኛ መጨመር ነው። ስለዚህ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱ፤ ጎንበስ ብለው ዕቃ አያንሡ፤ ሳልና ማስመለስ ካለ አስቀድመው ማስታገሻ ይጠይቁ። ሽንት ቤት የሚያስምጥ ድርቀትም እንዲሁ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ መድኃኒቶች፣ የዓሣ ዘይት እንክብል፣ ቫይታሚን ኢ እና በብዛት የሚወሰድ የነጭ ሽንኩርት ማሟያ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይወሰዱም። ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘን መድኃኒት ግን በራስዎ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ከሁለተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት

በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቀዝቃዛ ነገር መያዝ እብጠቱን ያሳንሳል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማሳረፍ ግን አይገባም፤ የቆቡ ቆዳ ከመላው ሰውነት ስሱ ስለሆነና ማደንዘዣው ስሜቱን ስለወሰደበት ሳይታወቅ ይቃጠላል። ንጹሕ ጎዝ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይጫኑ ማሳረፍ ይበቃል። ሲተኙ ጭንቅላትዎን በሁለት ትራስ ከፍ ያድርጉ፤ በሆድ መተኛት ለጊዜው ይቅር።

ቁስሉ እስኪድን ኩል፣ ማስካራና ኮንታክት ሌንስ አይነኩም። ይልቁንም የታወቀውን የቤት መድኃኒት፣ ማለትም ወተት ማንጠብንም ሆነ የቅጠል ጭማቂ መቀባትን፣ ጨርሶ ይተዉት። ከበጎ ልብ የሚመጣ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ነገር ግን ገና ያልገጠመ ቁስል ላይ ያልጸዳ ነገር ማስገባት ኢንፌክሽንን መጋበዝ ነው። ቆብ በቂ ደም ስለሚደርሰው ኢንፌክሽን ብዙም አይዘውም፤ ሆኖም ከጥቂት ቀናት በኋላ እብጠቱ መቀነስ ሲገባው ዳግም ቢጨምር፣ ቀይና ትኩስ ቢሆን፣ መግል ቢወጣ ወይም ትኩሳት ቢመጣ በዚያው ቀን ይታዩ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ሌላ ነገር አለ። የዓይኑ ነጭ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ውኃ ቋጥሮ እንደ ጄሊ ያብጥና በቆቡ ጠርዝ በኩል ብቅ ይላል። መልኩ ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አደጋው መድረቁ ነው፤ ያበጠው ሽፋን ዓይኑ እንዳይከደን ያደርጋል፣ ያልተከደነው ይደርቃል፣ የደረቀው ደግሞ የበለጠ ያብጣል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ተደጋጋሚ ማርጠብ ነው። ካልበቃ ሐኪሙ ስቴሮይድ ያለው ጠብታ ለአጭር ጊዜ ሊያዝ፣ ዓይኑን ለሊት በጎዝ ሊያስር፣ ወይም የሁለቱን ቆቦች ውጭኛ ክፍል በጊዜያዊ ስፌት ሊያገናኝ ይችላል። ስቴሮይድ ጠብታ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል፤ ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ የሚጠቀሙበት መድኃኒት አይደለም። የሚያደነዝዝ ጠብታን በቤት መጠቀም ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሕመሙን እያስረሳ ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይኑን ግልጽ የፊት ሽፋን፣ ያቆስለዋል።

ጠብታና ቅባት አጠቃቀም

ጠብታ ለማስገባት ሁላችንም የተማርነው የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ጎትተን ነው። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ይህ ልማድ ይቅር፤ በቀን ስድስት ጊዜ ቆቡን ወደ ታች የሚጎትት ሰው ለጠባሳው እያገዘው ነው። በጀርባዎ ይተኙ፣ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ባለው ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ያኑሩ፣ ከዚያም ዓይንዎን ገልጠው ደጋግመው ያርገብግቡ፤ ጠብታው ራሱ ይገባል። አስፈላጊ ከሆነ የሚያነሡት የላይኛውን ቆብ ነው።

ሰው ሠራሽ እንባውን በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን፣ በትንንሽ ፕላስቲክ ለአንድ ጊዜ የታሸገውን ዓይነት ይምረጡ፤ ማቆያው በብዛት ሲገባ ራሱ ኮርኒያን ይቆጠቁጣል። ለሊት ወፈር ያለ ቅባት ይጠቀሙ። ዓይንዎ በእንቅልፍ መሐል መከደኑን የሚያውቁት እርስዎ አይደሉም፤ እንቅልፍ ከወሰደዎት በኋላ አንድ የቤተሰብ ሰው በደብዛዛ ብርሃን ይመልከት። በሁለቱ ቆቦች መካከል ነጭ መስመር ከታየ ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ ጠዋት ጠዋት አሸዋ እንደገባበት የሚቆረቁር፣ ቀን እየዋለ የሚሻለው ዓይንም የዚሁ ምልክት ነው። እንባ የሚፈሰው ዓይን ደረቅ ሊሆን አይችልም ብለው አይከራከሩ፤ የቆቡ ጠርዝ ከዓይኑ ሲላቀቅ እንባው ወደ ቱቦው መግባት ትቶ በጉንጭ ይወርዳል፣ ኮርኒያው ግን ተጠምቶ ይቀራል።

ቆቡ ወርዶ ከሆነ፦ መለካትና መመዝገብ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ነጭ መታየቱ ብቻውን ለፍርድ አያበቃም። እብጠቱ ቆቡን ያከብደዋል፤ ዓይን የሚጨፍነው ጡንቻም ተነክቶ ለጊዜው ይደክማል። ሁለቱም የሚመለሱ ናቸው። የሚያሳስበው ጠባሳው ነው፤ እርሱም በሳምንታት ውስጥ እየጠነከረ ይሄድና ከዚያ በወራት ይለሰልሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በየቀኑ መስተዋት ፊት መጨነቅ ሳይሆን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነሣ ትክክለኛ ፎቶ ነው። ካሜራው በዓይንዎ ልክ ይቁም፣ አገጭዎን አያንሡ፣ ቀጥ ብለው ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ይሁን። እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚነሣ ሰልፊ ዓይንን ወደ ላይ ስለሚያስመለክት የጤናማ ሰው ዓይን እንኳ ከሥሩ ነጭ ያሳያል፤ በእንዲህ ያለ ፎቶ ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያደሩ ሰዎች አውቃለሁ።

በክሊኒክ ሐኪሙ የሚያደርጋቸውን ፍተሻዎች ማወቅ ውይይቱን ያቀላል። ብርሃን በዓይን ላይ ከሚያርፍበት መሐል ነጥብ እስከ ታችኛው ቆብ ጠርዝ ያለው ርቀት በተለመደው ወደ 5 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር በየቀጠሮው ይመዘገብ። ቆቡ ወደ ታች ተጎትቶ ሲለቀቅ ሳያርገበግቡ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ከዘገየ ላልቷል። ወደ ፊት ሲሳብ ከዓይኑ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ከራቀም እንዲሁ። ፍሎረሲን የተባለው ብርቱካናማ ቀለም ገብቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የተላጠው የኮርኒያ ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እንባ ለመለካት ደግሞ ስስ ወረቀት በቆቡ ጠርዝ ላይ ለ5 ደቂቃ ይንጠለጠላል፤ እርጥበቱ 5 ሚሊሜትር ካልደረሰ እንባው በጣም አንሷል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የጣት ፍተሻው ነው። ሐኪሙ የውጭኛውን ጥግ በአንድ ጣት ወደ ላይና ወደ ጎን ሲደግፍ ቆቡ ቦታው ከተመለሰ ችግሩ የገመዱ መላላት ነው። ጉንጩ አብሮ ሲነሣ ብቻ የሚመለስ ከሆነ የጎደለው ቆዳ ነው፤ ይህ ሰው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ሲያይ ቆቡ የበለጠ ይጎተታል። ጉንጩም ተነሥቶ፣ ጥግም ተደግፎ ቆቡ አልነቃነቅ ካለ በመካከለኛው ንብርብር ውስጥ ከአጥንቱ ጋር ያሠረው ጠባሳ አለ ማለት ነው። ቆብ ሦስት ንብርብር ነው፦ በፊት ቆዳና ጡንቻ፣ በመሐል ስቡን የሚያግደው ስስ ግርዶ፣ ከውስጥ ቆቡን የሚያቆመው ጠንካራ ክፍልና እርጥቡ ሽፋን። የትኛው እንዳጠረ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ዕድልን መሞከር ነው። ሁለቱም ቆቦች እኩል ወርደው ጠባሳ ካልተገኘ የእንቅርት ምርመራ ይጠየቅ፤ የእንቅርት በሽታ ዓይንን ወደ ፊት ገፍቶ በቀዶ ሕክምናው የሚያሳብብበት ጊዜ አለ።

ማሸትና ፕላስተር

ማሸት የሚጀመረው ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሲገጥም፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥፍርዎ አጭር ይሁን። ወደ ላይ ይመልከቱ። የጠቋሚ ጣትዎን ሥጋዊ ጫፍ ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ውጭ ያኑሩ። ከዚያ ቆዳውን ብቻ ሳይሆን ቆቡን በሙሉ ይዘው ወደ ላይና ወደ ጆሮ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይግፉ፤ ጠርዙ የጥቁሩን ክፍል የታችኛውን ዳር አልፎ ሲወጣ ለ10 ሰከንድ ያህል ይዘው ይልቀቁ። የዓይን ኳሱን አይጫኑ፤ ጫናው በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ይሁን። መጠኑ እንደ ሐኪሙ ይለያያል፤ በብዛት የሚታዘዘው ጥቂት ደቂቃ፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው። ጠንክሮ መጫን ሥራውን አያፈጥነውም፤ ቆዳውን ያቆጣዋል እንጂ፤ የተቆጣ የጠየመ ቆዳ ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ከማሸቱ ጋር ዓይንን ጭምቅ አድርጎ ጨፍኖ መያዝና መልቀቅ የደከመውን ጡንቻ ያለማምዳል። ለሊት ደግሞ የወረቀት ፕላስተር መጠቀም ይቻላል። 1 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለውን ይቁረጡ፤ ቆዳው ከቅባት የጸዳና የደረቀ ይሁን። አንዱን ጫፍ ከቆቡ ውጭኛ ሲሶ በታች አጣብቀው ከዓይን ጎን ወዳለው የራስ ቅል ሽቅብ ስበው ሌላውን ጫፍ ያሳርፉ። በመስተዋት ሲያዩት ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ከዓይኑ ጋር የተጣበቀ መሆን አለበት፤ ወደ ውጭ ከዞረ ፕላስተሩ በጣም ወደ ላይ ተጠግቷል፣ ይንቀሉትና ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።

ጠባሳው በመካከል እየጠነከረ ከሄደ ሐኪሙ ትንሽ መጠን ያለው ስቴሮይድ ወይም ፋይቭ ፍሎሮዩራሲል የተባለ መድኃኒት በመርፌ ወደ ጠባሳው ሊሰጥ ይችላል። ስቴሮይዱ ሲበዛ ቆዳውን ያሳሳል፣ ያነጣል፤ በጠየመ ቆዳ ላይ ይህ ንጣት ጎልቶ ይታያል። በሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር፣ ማለትም በመርፌ ከቆዳ ሥር በሚገባ መሙያ፣ ቆቡን ከሥር ደግፎ ማንሣትም አለ፤ ጥቅሙ በሌላ መርፌ ሊሟሟ መቻሉ ነው። ነገር ግን ፊለር በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ይህን ሥራ የውበት ሳሎን ውስጥ አያሠሩት።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። በስፌቱ መስመር ላይ የሚወጡ ነጫጭ ፍንጣሪዎች በመርፌ ጫፍ ይወጣሉ። ስብ ብዙ ወጥቶ የጎደጎደ ዓይን በኋላ በስብ ወይም በፊለር ይሞላል። አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፈ ግን ቀላል አይደለም፤ በስቦቹ መካከል የሚያልፍ ዓይንን የሚያንቀሳቅስ ጡንቻ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም ይመርምረው።

ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፦ መቼና ምን ዓይነት

መደበኛው ምክር ጠባሳው እስኪለሰልስ 6 ወር ያህል መጠበቅ ነው። ከዚህ ምክር የሚወጣው ኮርኒያው ሲጎዳ ነው፤ ማርጠብ እየተደረገለት የሚላጥ፣ ነጭ ነጥብ የወጣበት፣ ብርሃን የሚፈራና እይታው የሚቀንስ ዓይን ቀን አይሰጥም፤ ቢያንስ ጊዜያዊ የቆብ ስፌት ያስፈልገዋል።

የጥገናው ዓይነት የጣት ፍተሻውን ይከተላል። ለላላው ገመድ የውጭኛው የቆብ ጫፍ ተቆርጦ፣ ተወጥሮ ከአጥንቱ ሽፋን ጋር ይሰፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 አንደርሰንና ጎርዲ የገለጹት ይህ ዘዴ ዛሬም የሥራው ምሰሶ ነው። መካከለኛው ወይም ውስጠኛው ንብርብር ካጠረ ጠባሳው ይፈታና ከላንቃ ሽፋን ወይም ከጆሮ ለስላሳ አጥንት የተወሰደ ቁራጭ እንደ ድጋፍ ይገባል። ቆዳ ለጎደለው ደግሞ ጉንጩን በሙሉ ወደ ላይ አንሥቶ ማሰር፣ ያ ካልበቃ ከላይኛው ቆብ ወይም ከጆሮ ጀርባ ቆዳ ወስዶ መትከል ነው። የተተከለ ቆዳ ልዩነቱ ይታያል፤ ያም ሆኖ ከማይከደን ዓይን ይሻላል። ቆዳ የጎደለውን ሰው ጥጉን ብቻ በኃይል መወጠር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዓይኑ ወደ ፊት የወጣ ወይም የጉንጭ አጥንቱ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ሲደረግ ደግሞ የተወጠረው ቆብ ከኳሱ ሥር ሾልኮ የበለጠ ይወርዳል።

ይህን ጥገና ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚመለከተው በቆብ ላይ የሠለጠነ የዓይን ሐኪምን ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለው የዓይን ሕክምና ክፍል አንዱ መነሻ ነው፤ ኢትዮጵያ በትራኮማ ምክንያት በቆብ ቀዶ ሕክምና የካበተ ልምድ ያለባት አገር ናት፣ ምንም እንኳ ያ ሥራ በአብዛኛው የላይኛውን ቆብ የሚመለከት ቢሆንም። ሐኪሙን «የትኛው ንብርብር ነው ያጠረው? በጣት ፍተሻ ምን አዩ? ጥጉን ብቻ ቢሠሩ ይበቃል ያሰኙዎት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ጣቱን በቆቡ ላይ ሳያሳርፍ የመጣ ከሆነ ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ጥገናው ሲያልቅ ቆቡን ወደ ላይ የሚይዝ ስፌት ግንባር ላይ ተጣብቆ ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። ያ ዓይን ለጊዜው ስለማያይ ደረጃ መውረድና መኪና መንዳት አይታሰብም። የመጀመሪያዋ ሌሊት ጥንቃቄም ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ እይታው ስለታሰረ ግን በዚህ ጊዜ የሚጠበቀው ሕመሙና ብርሃኑ ነው፦ በተዘጋው ቆብ ላይ ባትሪ ሲበራ ብርሃኑ ለታካሚው መታወቅ አለበት። ስፌቱ ከወጣ በኋላ ጣትዎ እንደገና ወደዚያው ቦታ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ወደ ውጭ ጠጋ ብሎ፣ ይመለሳል፤ ማሸቱን የሚጀምሩበትን ቀን ከክሊኒኩ ሳይወጡ ያስጽፉ።